በቃሬዛ የመጣው ቲቪ

ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ። ልመሰገንበት ብዬ አይደለም የምናገረው። ብልባላ ገበያ መጥታችሁ «ቢተው አናጢው የት ነው?» ብትሉ «ያ ቁጡው?» ብለው ነው ቤቴን የሚያሳዩአችሁ። በር እሠራለሁ፣ መስኮት እሠራለሁ፣ አግዳሚ ወንበር እሠራለሁ። በሥራዬ ማንም አይናገረኝም። አፌን ግን እናቴም አልቻለችውም፣ ሚስቴም አልቻለችውም። የቻለችኝ አንዲት ታላቅ እህቴ ውባንቺ ብቻ ናት። እሷንም ባለፈው ገና ልገድላት ምንም አልቀረኝም።

እታለም ነው የምላት። በአሥራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች፤ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የምትኖረው ከብልባላ ሽቅብ የሦስት ሰዓት መንገድ ተኪዶ፣ ቀይ አፈር የምትባል መንደር ውስጥ ከባሏ ከአያ ደባሱ ጋር ነው። ንብ ታረባለች። ቀፎ የወንድ ሥራ ነው ሲሏት «ንቦቹ ጠይቀውኝ አያውቁም» ብላ ገደል ላይ የምትንጠለጠል ሴት ነበረች። የዛሬ ሁለት ዓመት ከዚያው ገደል ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። በቃሬዛ ተሸክመን ላሊበላ ሆስፒታል አደረስናት። ነፍሷ ተረፈች፤ እግሯ ግን እንደ ድሮው አልሆነላትም። ግድግዳ ይዛ ከመደብ እስከ ደጃፍ ትደርሳለች፤ ከዚያ ወዲያ የለም።

ይህች ሴት ከልጅነቷ ጀምሮ አንድም ገና አጓድላ አታውቅም ነበር። ነጠላዋን አጥባ፣ ቆሎዋን ቋጥራ፣ ላሊበላ በእግሯ ነው። አምና ቀረች፤ በዓሉን ስታለቅስ ዋለች። ዘንድሮ ደግሞ ባሰ። የመጨረሻ ልጇ ዲያቆን የአብስራ፣ ላሊበላ አቋቋም የሚማረው፣ ማሜ ጋራ ላይ እንዲቆም ተመረጠ። ማሜ ጋራ ቤተ ማርያምን ከላይ ዙሪያዋን የከበባት የአለት ጫፍ ነው። በገና ጠዋት ካህናቱ ገሚሱ ከላይ ገሚሱ ከታች ሆነው ያሸበሽባሉ፤ አገር ሁሉ በቴሌቪዥን ያየዋል። የእኛ ልጅ እዚያ ላይ ሊቆም፣ እናቱ እዚህ መደብ ላይ!

«እንሸከምሽና እንሂድ» አልናት።

«ወግዱ!» አለች። ቁጣ በዘራችን ነው። «በእግሬ ስሄድበት የኖርኩትን በዓል በሰው ጫንቃ አልሄድበትም። ለሐኪም ቤት አንዴ ተሸክማችሁኛል፣ ይበቃኛል። ሁለተኛው የመቃብሬ ነው።»

አያ ደባሱ ነገሩን ሲያብላሉት ከረሙና አንድ ቀን ከቀይ አፈር ወርደው ሥራ ቤቴ መጡ። ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ አንድ ነገር ለመናገር ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል።

«ቢተው፣ ቲቪ ይገዛላት» አሉ።

«ምን?»

«ቲቪ። ያ ጠፍጣፋው። ልጇን ትየው።»

«አያ ደባሱ፣ ያን ሁሉ ሰው ትቶ ካሜራው የእርስዎን ልጅ ለይቶ የሚያነሳ ይመስልዎታል?»

«አንዴ ውልብ ካለ እሷ ትለየዋለች» አሉኝ። ምን ልበላቸው? የዓመቱን ማር ሸጠው ገንዘቡን በመሐረብ ቋጥረው መጥተዋል። ቤታቸው ጣሪያ ላይ ሶላር አለ፤ ዘመኑ የሚባለው የብልባላ ዲሽ ሠራተኛ ዲሹንና ሪሲቨሩን ቀድሞ ሊተክልላቸው ተስማምቷል። የቀረው ቲቪው ነው። እኔ ላሊበላ ሄጄ ልገዛ፣ እሳቸው ብልባላ ሊጠብቁኝ ተቀጣጠርን።

ከመሄዴ በፊት ቀይ አፈር ወጥቼ እታለምን ስጠይቃት አንድ ከረጢት ሰጠችኝ። በሶ አለው፣ ቆሎ አለው፣ አፉ በቀይ ክር የታሰረ ነው። «ለየአብስራ በእጁ ስጠው። ለሌላ ሰው አደራ እንዳትል። ፊቱን አይተህ ና» አለችኝ።

ታኅሣሥ ሃያ ስድስት ቀን ማምሻውን ላሊበላ ገባሁ። ከተማው በእንግዳ ተጨናንቆ መተላለፊያ የለም። በቀጥታ ልጁ ወደሚማርበት ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ በር ላይ ቁጭ ብለዋል። «ልምምድ ላይ ናቸው ልጄ፣ ነገ ጠዋት ተመለስ» አሉኝ። እሺ ብዬ ተመለስኩ። እዚያው ቁጭ ብዬ ብጠብቅ ምን ነበረበት? ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በማግሥቱ ጠዋት መጀመሪያ የገባሁት ሱቅ ነው። ቶሎ ገዝቼ፣ ከዚያ ልጁን አይቼ፣ በአይሱዙው ልመለስ። ሱቁ የነጅሚያ ነው፤ ከወልድያ መጥታ የምትነግድ፣ ፈገግታ የማይለያት ሴትዮ ናት። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ቲቪ ነው። ሁሉም በርተው አንዱ ኳስ፣ አንዱ ዜና፣ አንዱ የዓሣ ፊልም ያሳያል። ዓይኔ ትልቁ ላይ አረፈ።

«ያንን አውርጂልኝ» አልኳት።

«በመብራት ነው በሶላር የምትጠቀሙት?»

«በሶላር።»

«እንግዲያ እሱን አልሸጥልህም። ባትሪያችሁ አይችለውም፣ ሩብ ሰዓት ሳይቆይ ይጠፋባችኋል። ሠላሳ ሁለት ኢንች ይበቃችኋል፣ ወላሂ።»

«እኔ በገንዘቤ ነው የምገዛው!»

«አብሽር ወንድሜ፣ በገንዘብህ ነው» አለች፣ ፈገግታዋ ሳይጠፋ። «ገንዘብህን ተቀብዬ ነገ እንድትረግመኝ ግን አልፈልግም።»

ተከራከርን። እውነቷን እንደሆነ እያወቅኩ ተከራከርኳት። ትልቁን የፈለግኩት እታለም ልጇን አጉልታ እንድታየው ነበር፤ ይህን ግን ለማታውቀኝ ሴትዮ መናገር አፈርኩ። በኋላ ሠላሳ ሁለቱን አበራችልኝ። ቀለሙን አሳየችኝ፣ ድምፁን ከፍ ዝቅ አደረገችልኝ፣ ጠርዙን በጣቷ እየነካካች ጭረት እንደሌለው አሳየችኝ። አጥፍታ ከተተችው። ስታሽገው ጊዜው ሄዷል፤ ውጪ አይሱዙው ጥሩምባውን ይነፋል።

«አሁን ስማኝ ወንድሜ» አለች ካርቶኑን በእጇ ይዛ። «አገርህ መኪና ይገባል? መንገድ ላይ ስትይዙት—»

«እንዴ! መሸከም ልታስተምሪኝ ነው?» አልኳት። «እኛ የላስታ ሰዎች ነን። በገደል ላይ የታመመ ሰው ተሸክመን አንዲት ጠብታ ውኃ የማናፈስ ሰዎች! ስጪኝ!»

ካርቶኑን ሰጠችኝ። አፌን ይዝጋውና፣ ያቺ ሴትዮ ልትነግረኝ የነበረውን ቢያስጨርሳት ኖሮ ይህን ሁሉ ጣጣ አላይም ነበር።

አይሱዙው ላይ ስወጣ ነው ከረጢቱ ትከሻዬ ላይ እንዳለ ያስታወስኩት። ሹፌሩን «አንዴ ጠብቀኝ» ስለው «በበዓል ጊዜ ማን ይጠብቃል፣ ውረድ ከፈለግክ» አለኝ። ካርቶኑን አቅፌ ወዴት ልውረድ? ልጁ የት ይሄዳል፣ ደህና ነው፣ አልኩ በልቤ። መኪናው ወጣ።

ብልባላ አያ ደባሱ ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር፣ ከአረጋና ከወንድሙ ጋር፣ ጠበቁኝ። አረጋ አህያ ይዞ መጥቷል። «አህያ? ይህን ዕቃ ድንጋይ ላይ ልታላትመው ነው?» ብዬ አህያዋን አስመለስኩት። ለበሽተኛ ማውረጃ ራሴ የሠራሁት ጥሩ ቃሬዛ ነበረኝ፤ ሁለት ረጅም አጣና፣ መሐሉ በጠፍር የተወጠረ። ካርቶኑን በጀርባው አስተኛነው። ከሥሩ ገለባ ጎዘጎዝን፣ በገመድ አጠበቅነው። ፀሐይና አቧራ እንዳይነካው አያ ደባሱ ጋቢያቸውን አውልቀው ከላይ እስከ ታች ሸፈኑት። አራታችን አነሣነው። እውነቴን ነው፣ በሥራችን ኮርቼ ነበር።

ሽቅብ መውጣት ጀመርን። እንዳይንቀጠቀጥ ብለን ቀስ እያልን ነው፣ ዝም ብለን ነው። በአገራችን ቃሬዛ ያየ መንገደኛ ሸክሙን አስቀምጦ ያግዛል እንጂ አያልፍም። ዝም ብለው ይመጣሉ፣ «ተኩኝ» ይላሉ፣ ጥቂት ይሸከማሉ፣ «እግዚአብሔር ይማረው» ብለው ይመለሳሉ። አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን አውልቀው ተሸከሙልን። «ቲቪ ነው አባቴ» ለማለት አፌ አልታዘዝ አለ። አያ ደባሱም አንገታቸውን ደፍተው ይሄዳሉ። ሁላችንም አፍረን ዝም አልን፤ ያ ዝምታችን ደግሞ ነገሩን አባሰው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእኛ አገር በቃሬዛ ቁልቁል የሚወርድ በሽተኛ ነው፤ ወደ ሐኪም ቤት ነው። ከከተማ ተነሥቶ፣ ፊቱ ተሸፍኖ፣ በዝምታ ሽቅብ የሚወጣ ቃሬዛ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህን እኔ ሕፃን ሳለሁ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያን ቀን ግን ካርቶኑን እንጂ ቃሬዛውን አላየሁትም።

መንደሩ ሊደርስ አንድ ዳገት ሲቀረን ማዶ ጉብታ ላይ የአረጋ ሚስት ሰብሌ እንጨት ስትለቅም ነበር። ቀና ብላ አየችን። ባሏን ለየችው፣ አያ ደባሱን ለየች፣ እኔን ለየችኝ። ከላሊበላ የመጣሁ እኔን። የለቀመችውን ጥላ በሁለት እጇ ደረቷን መታች። «ወዮ! የአብስራን! ወዮ!» ስትል ነፋሱ ወደ መንደሩ ይዞት ሄደ፤ እኛ ጋ የደረሰው «ወዮ» የሚለው ብቻ ነው። ወዲያው ከመንደሩ ውስጥ ሌላ ጩኸት መለሰላት። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ከእታለም ግቢ።

እኛ ደግሞ ምን አሰብን መሰላችሁ? እታለም ሞተች አልን።

አያ ደባሱ «ውባንቺ!» ብለው ጮኹ። በዕድሜዬ ጮኸው ሰምቻቸው አላውቅም። አጣናውን ለቀው ሽቅብ ሮጡ። የለቀቁት ጥግ መሬት መታ፤ ካርቶኑ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁ። ማን ደንታ ሰጠው? ሦስታችን እንደምንም ተሸክመን እየተንገዳገድን ተከተልን። እህቴን ሳልሰናበታት እያልኩ እሮጣለሁ። ከላይ ደግሞ መንደርተኛው እያለቀሰ ቁልቁል ይሮጥብናል። መንገዱ ላይ ተገናኘን።

«ማን ነው የሞተው?» አልኳቸው።

«እናንተ ናችሁ የምትነግሩን!» አሉኝ።

ጋቢውን ገለጥኩት። ካርቶን ነው። ሰዉ ካርቶኑን አየ፣ እኔን አየ። አንዱ መሳቅ ጀመረ፣ አንዷ ሰደበችኝ። እኔ ግን ወደ ላይ እያየሁ ነበር፤ ምክንያቱም እታለም ግቢው በር ላይ አለች። ግድግዳ ይዛ ደጃፍ ድረስ ብቻ የምትደርሰው እህቴ በክንዷ እየዳኸች ግቢውን አቋርጣ በሩ ጋ ደርሳለች። ክርኗ ደምቷል፣ ነጠላዋ አፈር ሆኗል። አያ ደባሱ ሊያነሷት ሲታገሉ እሷ ቃሬዛውን ብቻ ታያለች።

«እታለም! ቲቪ ነው! ቲቪ ነው እኮ!» አልኩ ከሥሯ ተንበርክኬ።

«ልጄስ?»

«ደህና ነው!»

«አየኸው?»

እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ አፌ ቀደመኝ። «አየሁት! ፊቱን አየሁት! ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል!»

ፊቷ ሊፈታ ነበር። ከዚያ ዓይኗ ትከሻዬ ላይ አረፈ። እጇን ሰድዳ ቀዩን ክር ያዘችው።

«ካየኸው ይህን ምነው መለስከው?» አለችኝ፣ በቀስታ።

ያን ጊዜ ብትጮህብኝ፣ ብትመታኝ በወደድኩ። በላስታ መርዶ ፊት ለፊት አይነገርም። ሰው ሲሞት መጀመሪያ «ትንሽ አሞት ነው» ይባላል፣ ሰበብ ይበጃል፣ ዘመድ ቀስ በቀስ ይሰበሰባል፤ ቁርጡ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። አባታችን የሞቱ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ «ተሽሏቸዋል» እያልኩ የዋሸኋት እኔው ነኝ። አሁንም ያው ሰው፣ ያው ውሸት፣ ያው ፊት።

«እታለም፣ ስሚኝ፣ በሩ ላይ ያሉት ሽማግሌ ልምምድ ላይ ነው አሉኝ፣ ከዚያ ጠዋት መኪናው—»

«ሰበብ አታብጅልኝ።»

«በአባታችን አጥንት!»

«በአባታችን አጥንት ያን ጊዜም ምለህልኛል።»

አረጋ ስልኩን ይዞ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ሮጠ። ተመለሰ። የየአብስራ ስልክ ዝግ ነው። የመምህሩ ይጠራል፣ አይነሳም። ይህን ስትሰማ እታለም ራሷን ነቀነቀች፣ የምታውቀውን ነገር እንደነገሯት ሁሉ። የመንደሩ ሴቶች አንድ በአንድ ገብተው መደቡ ዙሪያ ተቀመጡ። እናጽናናት ብለው ነው የመጡት፤ ለእሷ ግን የለቅሶ አቀማመጥ ነው።

«ቲቪውን ክፈቱት» አልኩ። «ሙሉ ቀን የላሊበላን ዝግጅት ያሳያሉ። ልጁን ታየዋለች፣ ያልቃል!»

ዘመኑ ጣሪያው ላይ ዲሹን ጨርሶ ሲጠብቀን ነበር። ካርቶኑን ሲያይ ከመሰላሉ ሳይወርድ ፊቱ ተለወጠ። «ተኝቶ ነው እንዴ የመጣው?» አለኝ።

«እና ቆሞ ሊሄድ ነው?»

«አዎ! ቆሞ ነው እንጂ! ስክሪኑ ስስ መስታወት ነው፣ ሲተኛ መሐሉ ይጎብጣል። የሸጠችልህ ሴትዮ አልነገረችህም?»

ዘመኑ አወጣው፣ ከሶላሩ ጋር አገናኘው፣ ሪሞቱን ጫነ። መጀመሪያ ድምፅ መጣ፤ ጥርት ያለ ድምፅ፣ የላሊበላ ምእመን፣ ከበሮ፣ ጋዜጠኛው «በማሜ ጋራ የሚቆሙት ካህናት ዝግጅታቸውን» ሲል። ከዚያ ስክሪኑ በራ። ከላይ እስከ ታች አረንጓዴና ሐምራዊ መስመር፣ መሐሉ ላይ ጥቁር የቀለም መደፋት የሚመስል ነገር። ሌላ ምንም የለም። ዘመኑ ነካካው፣ አጠፋው፣ አበራው። ያው ነው።

እታለም ዓይኗን ጥቁሩ ላይ እንደተከለች «ሬዲዮማ ድሮም አለኝ» አለች። ወደ አያ ደባሱ ዞረች። «ያ ቃሬዛ የት አለ?»

«ውጪ ነው» አሉ።

«እንግዲያ ጫኑኝ። በሕይወትም ካለ ላየው፣ ከሞተም ልቅበረው። ከእንግዲህ የማንንም አፍ አልሰማም።»

በማግሥቱ ሃያ ስምንት ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። የቀይ አፈር ወንድ በሙሉ ወጥቷል። ቲቪው በተኛበት ገለባ ላይ እህቴን አስተኛናት። መኪናውን ብልባላ ላይ ሞክረን ነበር፤ ሰው እስከ ጣሪያው ሞልቶበታል፣ ቢኖርም ንቅናቄውን ዳሌዋ አይችለውም። ስለዚህ እስከ ላሊበላ በትከሻ ነው። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችና ቀኑን ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ውኃ ስንሰጣት ከንፈሯን አትከፍትም። መንገዱ በገና ተጓዥ ተሞልቷል፤ ከአገው ምድር የመጣ፣ ከሰቆጣ የመጣ፣ ዘንጉን እየመታ የሚሄድ። ቃሬዛውን ሲያዩ እየመጡ ይተኩናል። «ምን ሆና ነው?» ሲሉን እርስ በርስ እንተያያለን። በሽተኛ ናት እንበል? ሐዘንተኛ እንበል? ማንም አላወቀውም።

እኔ ደግሞ አንድ ሐሳብ ገብቶ እየበላኝ ነው። ልጁን አላየሁትም እኮ! ደህና ነው የምለው በምን አውቄ ነው? ስልኩ ለምን ተዘጋ? ማታውን ያን ሽማግሌ ሳናግር ትንሽ ፊታቸው ከበድ ብሎ አልነበረም? በየዳገቱ አንድ ነገር እየጨመርኩበት ስደርስ ልጁን ራሴ ገድዬ ቀብሬው ነበር።

ላሊበላ ስንገባ ጀንበር ልትጠልቅ ነው። እታለምን አንድ ግቢ ውስጥ ከእንግዶች ጋር አስቀምጠን ወደ ልጁ ሮጥኩ። ሽማግሌው የሉም፣ በሩ ዝግ ነው፤ ተማሪው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ገብቷል። ሰው ስለበዛ ማስገባት ተከልክሏል። አንድ ዲያቆን ይዤ ጠየቅኩ። «የብልባላው የአብስራ? ትናንትና ሲያተኩሰው ነበር መሰለኝ፤ ዛሬ አላየሁትም» ብሎኝ ሰው መሐል ገባ። ተመልሼ ለእታለም ምንም አልነገርኳትም። እሷም አልጠየቀችኝም፤ ፊቴን አየችና ፊቷን መልሳ ሸፈነች።

ጠዋት በአራት ትከሻ ወደ ቤተ ማርያም አመራን። ሰው በሰው ላይ ነው፣ እግር የሚያርፍበት የለም። ሦስት አስተናባሪ «ወዴት? ቃሬዛ ይዞ ወዴት?» ብለው አቆሙን። ልቆጣ አፌን ስከፍት እታለም ከላይ «ቢተው» አለችኝ፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ዝም አልኩ። ራሷ ነጠላውን ከፊቷ አንሥታ «ልጄ ከእነዚያ መሐል ነው፤ ካለ» አለቻቸው። አስተናባሪዎቹ ተያዩ። አንደኛው ወደ ሕዝቡ ዞሮ «አሳልፉ! እናት ናት፣ አሳልፉ!» ብሎ ጮኸ። ያ ሁሉ ሰው ተጣብቦ መንገድ ሰጠን። ከማሜ ጋራ ማዶ የአለቱ ጫፍ ላይ ደረስን።

«አንሡኝ» አለች።

አጣናውን ከትከሻችን ወደ ላይ በእጃችን ገፋነው፣ ከሰዉ ሁሉ ራስ በላይ። ከፊቴ የአንድ ሰፊ ገበሬ ጀርባ ቆሟል፤ ከነጭ ጋቢ በቀር የማየው የለም። ከበሮው ይመታል፣ ዝማሬው ከወዲያ ማዶ ይመጣል። ስንት ወጣት ዲያቆን እንዳለ፣ ማን እንደቆመ ማን እንደሌለ፣ እኔ ምንም አላይም። ከጎኔ አያ ደባሱም ጀርባ ነው የሚያዩት።

«አለ?» አልኩ።

ከበሮው ድምፄን ዋጠው።

«እታለም፣ አለ ወይ?»

«ከዳር ጀምሬ እያየሁ ነው፣ አታናግረኝ!» አለች። እኔም በልቤ አብሬያት መቁጠር ያዝኩ፤ አንዱን አለፈች፣ ሌላውን አለፈች፣ ጫፍ ደርሳ ቢያልቅባትስ? ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። እጄ መድከሙን ተወ፤ መደንዘዝ ጀመረ። ሕዝቡ ዘመረ፣ አጨበጨበ።

ከዚያ ከላይ፣ ቆጣ ባለ ድምፅ፣ «ከስቷል» አለች።

ማልቀስ ጀመርኩ። ዓይኔን የምጠርግበት እጅ የለኝም፣ ዝም ብሎ ይወርዳል።

«ምን አለች? ማን ነው የከሳው?» አሉኝ አያ ደባሱ።

«ልጅዎ ነዋ! ከስቷል አለች!»

«ተመስገን!» አሉ። የእሳቸው ጥግ ዝቅ ሲል በእጄ ተሰማኝ።

«አያ ደባሱ፣ ቀጥ አድርገው ይያዙ እንጂ!» ብዬ ጮህኩባቸው። «ገና አልጠገበችውም!»